ጉበኑን የነካሁ ዕለት

በሰባት ዓመቴ በባሕር ዳሯ በሞሮሌጎ መንደር እንደ እኔ ፈጥኖ የሚያድግ ልጅ አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ ምስክር ነበረኝ። ምስክሬ የቤታችን በር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ካስማዲ ወደ ባሕር ሲወጣ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ እያለቀስኩ አላላውስ እለው ነበር። አንድ ጠዋት ሰለቸውና መረቡን ከትከሻው አውርዶ፣ ክንዴን ይዞ በሩ ሥር አቆመኝ። ከአናቴ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ በዓይኑ ለካ፤ ከዚያም በሰፊ መዳፉ ጉበኑን ጠበጠበው። ጉበኑ አያቴ ከቲክ እንጨት ጠርቦ ያቆመው፣ በጭስ ብዛት የጠቆረ ወፍራም እንጨት ነበር።

«ራጊል፣ ይሄን እንጨት ታየዋለህ? አናትህ ይሄን የነካ ዕለት ባሕር ይዤህ እወጣለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ።»

እናቴ ሱሊካህ ሩዝ እየለቀመች ነበር። «እንግዲያው ጢም አብቅሎ ነው ባሕር የሚያየው» ብላ ሳቀች።

ጢም ማብቀል ግን አላስፈለገኝም።

በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ቤታችን አፈር ይመጣል። ከኮረብታው አገር በመኪና ይመጣና አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ የመንደሩ ወንዶች በደቦ፣ በእጅ ጋሪና በቅርጫት ያመጡታል። ለእኛ ለልጆች ያ ቀን ከዒድ የሚስተካከል በዓል ነበር። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምድጃው ሳይቀር ወደ ውጭ ይወጣል። ቤቱ ባዶ ይሆንና ድምፃችን ያስተጋባል። ቀዩ አፈር ወለሉ ላይ ሲደፋ ዝናብ የነካው ተራራ ይሸታል፤ ከጨውና ከዓሳ ሽታ ሌላ የማናውቅ ልጆች ስለነበርን በእፍኛችን እያነሳን እናሸተው ነበር። ሥራችን መርገጥ ነው። ትልልቆቹ አፈሩን ይደለድላሉ፤ እኛ እጅ ለእጅ ተያይዘን እየዘለልን እንጠቀጥቀዋለን።

«እንደ ጎሽ ርገጡ እንጂ እንደ ዶሮ አትጫሩ!» ይለን ነበር ፓክ ዋርሲዲ፤ «ፓክ» በእኛ አገር «ጋሼ» እንደ ማለት ነው። ዋርሲዲ ጎረቤታችን ነው፤ ሸርጣን አጥማጅ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ። መንደሩ ውስጥ እሱ የሌለበት ደቦ አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ እናቴና ታላቅ እህቴ ኢስቲ ሩዝና የተጠበሰ ዓሳ ያቀርባሉ። እኔ ምግቡ አይታየኝም። ሮጬ በሩ ሥር እቆማለሁ። አምና ከጉበኑ በጣም ርቄ ነበር፤ ዘንድሮ ቀርቤዋለሁ።

«አድጌያለሁ! እዩኝ!»

«ሱሊካህ፣ ይሄን ልጅ ምንድን ነው የምታበዪው?» ይላል ዋርሲዲ።

«ጭቃ!» ትላለች እናቴ። ወንዶቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ዛሬ ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እንዴት አልገባህም?» ይሉኛል። የሚገባኝ ነገር አልነበረም። አፈሩ በዓመት አንዴ የሚመጣ የበዓል ነገር ነው፤ እንደ አዲስ ልብስ። ማደግ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? መስኮታችን መጀመሪያ የማልደርስበት ከፍታ ላይ ነበር፤ በኋላ ተራምጄው መውጣት ጀመርኩ። እግሬ ረዝሟል አልኩ። አባቴና እንግዶቹ ሁሉ ወደ ቤታችን ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ። ይህን ጨዋነት ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ሰዎች ቤታችንን የሚያከብሩ ይመስለኝ ነበር።

*

የመጀመሪያው ድንጋጤ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ከወረዳው አንዲት ነርስ መጥታ ሁላችንንም በተራ ግድግዳው ላይ ከተሳለ መለኪያ ጋር እያቆመች ለካችን። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ነርሷ የእንጨት ማስመሪያ አናቴ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ዝቅ ብላ ፊቴን አየችው።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አንደኛ።»

ወደ መምህራችን ዞረች። «ይሄ ልጅ ለዕድሜው አጭር ነው። በጣም አጭር። እንቁላል ይብላ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ጆሮዬ ጭው አለ። ሴትዮዋ የዋሸች ወይም መለኪያዋ የተበላሸ መሰለኝ። ቤት እንደደረስኩ ደብተሬን ወርውሬ በሩ ሥር ቆምኩ። በጉበኑና በአናቴ መካከል የእናቴ የቡና ብርጭቆ ቢቆም ነው።

«እማዬ፣ ነርሷ አጭር ነህ አለችኝ!»

እናቴ ዓሳ እያጸዳች ነበር። ቢላዋዋን አቆመች። ጉበኑን አየች፤ እኔን አየች። 

«ነርሷ ቤታችንን አላየችም» አለች በመጨረሻ። ተነስታ ለመሸጥ ካስቀመጠችው እንቁላል አንዱን ቀቀለችልኝ።

በጣም ደስ አለኝ። እናቴ ከእኔ ጋር ናት ማለት ነው።

*

ከዚያ ወዲህ ዋርሲዲ ደጋግሞ ወደ ቤታችን ይመጣ ጀመር። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁልጊዜም ሲገባ ጉበኑ ግንባሩን ይመታዋል።

«ይሄ እንጨት ዓመት በዓመት ይደበድበኛል» አለ አንድ ቀን ግንባሩን እያሻሸ። አባቴ አልሳቀም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ የተቀደደ መረብ እየፈታሁ እሰማ ነበር።

«ካስማዲ ወንድሜ፣ ለዚያው ጉዳይ ነው።»

«ለዚያው ጉዳይ ከሆነ መልሱም ያው ነው።»

«እስቲ ስማኝ። ባሕሩ ውስጥ የሚቆመውን የጭራሮ አጥር እኛ እንሠራዋለን። የሰው ጉልበት አለ፤ ቀርከሃው መጥቷል። አጥሩ ማዕበሉን ያበርደዋል፤ የበረደ ውሃ ደለሉን ያስቀምጣል። ግን የት ያስቀምጠው? ፊት ለፊት ያለው ያንተ የዓሳ ኩሬ ነው። ማዕበሉ ግድብህን መትቶ ሲመለስ ያመጣውን ደለል ሁሉ ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል።»

«ስለዚህ ኩሬዬን ለባሕሩ ልስጠው?»

«ለባሕሩ አይደለም። ለጭቃው።»

«ሁለቱን ኩሬዎቼን የበላኝ ማን ነው? ባሕሩ አይደለም? ያመጣው ጭቃስ የት አለ?» የአባቴ ድምፅ ከፍ አለ። «የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፣ ዋርሲዲ። ኢስቲ ታጭታለች። ይሄ መስኮት ላይ ያለው ደግሞ መማር አለበት። ዛፍ ይበቅላል ብለህ ከዚህ በፊት ችግኝ ተክለህ አልነበር? የት ደረሰ?»

«ባሕሩ ነቀለው።»

«እና?»

«ጭቃ ሳይኖር ስለተከልኩት ነቀለው። አሁን አልተክልም። ጭቃው ከተቀመጠ የባሕር ዳሩ ዛፍ፣ ማንግሮቩ፣ ራሱ ይመጣል፤ ፍሬውን ውሃው ራሱ ይዞት ይመጣል።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋርሲዲ መታገሥ አቃተው። «ለመሆኑ ኢስቲን እዚህ ቤት ነው የምትድራት? ሙሽራው በጉልበቱ እየዳኸ ነው የሚገባው?»

አባቴ ተነሳ። «ውጣልኝ።»

ዋርሲዲ ወጣ፤ ሲወጣም ጉበኑ መታው። ደጅ ላይ አንዱን ነጠላ ጫማውን አጣው። ያጣው እኔ መስኮቱ ሥር ወዳለው ውሃ ስለወረወርኩት ነው። የገባኝ ይህ ነበር፤ ፓክ ዋርሲዲ ኩሬያችንን ሊወስድብን ይፈልጋል፤ ኩሬው ውስጥ ያለው ዓሳ ደግሞ የኢስቲ ሰርግ ነው። ስለዚህ ሌባ ነው። በአንድ እግሩ ጫማ እያነከሰ ሲሄድ አይቼ ደስ አለኝ።

እናቴ ማጀት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወደ አባቴ መጥታ በዝግታ «እውነቱን ቢሆንስ፣ የራጊል አባት?» አለችው።

«አንቺም?»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ኩሬው የሚያወራ ሰው ጠፋ።

*

በዚያ ዓመት አፈሩ ከወትሮው በዛ። ክረምቱ ላይ የባሕሩ ሙላት ሌሊት ገብቶ አልጋችንን አርሶት ስለነበር አባቴ ተጨማሪ መኪና አስመጣ። ደቦው እንደ ሁልጊዜው ነበር። ዋርሲዲም መጣ። ተጣልቶም ቢሆን ከደቦ መቅረት በእኛ ዘንድ የለም። ከአባቴ ጋር አልተነጋገሩም፤ ግን አንድ ጋሪ ይዘው፣ አንዱ እየሳበ አንዱ እየገፋ፣ አፈር ሲያመላልሱ ዋሉ።

እንደ ጎሽ ረገጥን። ቀዩ አፈር ላባችንን አቀላው። ሲያልቅ ወንዶቹ ደጅ ተቀምጠው እግራቸውን እየታጠቡ፣ እናቴ ሰሃን ማደል ስትጀምር፣ እኔ ሮጬ በሩ ሥር ቆምኩ።

አናቴ አንድ ነገር ነካው።

መጀመሪያ ሰው እጁን የጫነብኝ መሰለኝ። ዞር ስል ማንም የለም። እጄን ሰደድኩ። ቀዝቃዛው ጥቁር እንጨት ፀጉሬ ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ! ነካሁ! ነካሁት!»

ወንዶቹ ዞር ብለው ሳቁ። «አቤት! ወንድ ሆነ!» አለ አንዱ። «ጀልባ ግዙለት!» አለ ሌላው። ከዚያ ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ሰዎቹ አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን፣ አንዴ ደግሞ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ።

አባቴ የሩዝ ሰሃኑን ይዞ ቆሟል። ቀስ ብሎ መጣ። ፊቴ ተንበረከከ፤ መዳፉን ከፍ አድርጎ በጉበኑና በአናቴ መካከል ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ደግሞ ሞከረ፤ ጣቱን ብቻ። እሱም አልገባም።

እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ሌባ ሲያገኝ የሚመስለውን ይመስላል። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑ ከጉበኑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አዲሱ ቀይ ወለል ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ሰሃኑ እጁ ውስጥ አዘንብሎ ሩዙ አፈሩ ላይ ሲፈስ አላወቀውም። ዋርሲዲ አንገቱን ደፍቶ እግሩን ደጋግሞ ይታጠባል፤ ንጹሑን እግር።

ተቆጥቷል አልኩ በልቤ። ቶሎ በማደጌ ተቆጥቷል። ማለ፤ መሐላው ከጠበቀው ቀድሞ መጣበት።

«ለልጁ ቃል ገብተህለት የለ?» አለች እናቴ በዝቅተኛ ድምፅ።

አባቴ ያዘነበለውን ሰሃን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አዎ» አለ። «ነገ እንወጣለን።»

ይህን ትዕይንት የተረዳሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ከተማ ሄጄ ስለ ባሕር ዳርቻ መሸርሸር ስማር፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚሰጥመውን መሬት በአግድም መስመር ሲያሳይ፣ ድንገት ቀዩ አፈርና ጥቁሩ እንጨት ፊቴ ድቅን አሉ። እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ አሰላሁት። በእነዚያ ዓመታት እኔ ያደግኩት ጥቂት ጣት ያህል ነው። የቀረው አፈር ነበር። ነርሷ ልክ ነበረች። አባቴ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ያላየውን ነገር፣ ያን ቀን የአንድ አጭር ሕፃን አናት ለክቶ አሳየው።

*

በማግስቱ ከንጋት ሶላት በኋላ ወጣን። እየዘለልኩ ጀልባው ላይ ወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ግን መረብ የለም። ማጥመጃም የለም። አንድ ረጅም ቀርከሃ ብቻ።

«አባዬ፣ መረቡን ረሳኸው!»

«አልረሳሁም።»

ብዙ ሳንርቅ ሞተሩን አጠፋ። ቀርከሃውን ወደ ውሃው እያጠለቀ፣ ታቹን እየነካካ፣ ቀስ እያለ ጀልባውን ይገፋል። ፀጥ ብሏል። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ምንም አይታይም። አንድ ነገር እየፈለገ መሆኑ ገባኝ። የሰመጠ ሀብት ነው አልኩ፤ ወርቅ ይሆናል፤ ለዚህ ነው መረብ ያልያዝነው።

«ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ብዙ ነገር።»

ቀርከሃው አንድ ነገር መታ። ድፍን፣ የታፈነ ድምፅ። እንደገና መታው፤ ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላ፤ ደግሞ ሌላ።

«ምንድን ነው?»

«ጉቶ ነው። እዚህ ጫካ ነበር፣ ራጊል። ከመንደሩ እስከዚህ ድረስ ማንግሮቭ። እንደ አንተ ልጅ ሆኜ ሥሩ ውስጥ ሸርጣን ስለቅም ጦጣዎቹ ሳንዳሌን ይሰርቁኝ ነበር።»

ዞሬ ወደ መንደሩ አየሁ። ከእኛ እስከ ቤቶቹ ድረስ ያለው ውሃ ብቻ ነው። እየዋሸኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እና ማን ቆረጠው?»

«እኔና አያትህ። ሌላውም ሰው እንደዚያው። አንድ መጋዝ አለ፣ ለሁለት የሚሳብ፤ እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ።» ቀርከሃውን አስቀምጦ ሁለት እጁን ወደፊትና ወደኋላ ሳበ፤ መጋዙን የያዘ ይመስል። «ለሽያጭ ሽሪምፕ የምናረባበት ኩሬ ልንቆፍር ነዋ። እየዘፈንን ነበር የምንቆርጠው። መንግሥት ደስ አለው፤ ነጋዴው ደስ አለው፤ እኛ ከሁሉም በላይ ደስ አለን። ጣራችን ላይ ያለው ሸክላ ከዚያ ነው የመጣው።»

ደግነቱ ይሁን ክፋቱ እንጃ፣ ማንንም አልወቀሰም። ዛሬም ድረስ ጥፋተኛው ማነው ብለው ሲጠይቁኝ ያ የሁለት እጅ እንቅስቃሴ ነው የሚታየኝ። መጋዝ በአንድ ሰው አይሳብም።

ትንሽ ገፋን። ቀርከሃው አሁን የመታው እንጨት አይደለም። ኳ! አለ፤ ጥርት ያለ የድንጋይ ድምፅ። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄስ ጉቶ ነው?»

«ይሄ አያትህ ነው።»

በየዓመቱ ከረመዳን በፊት በጀልባ ወጥተን አበባ ውሃው ላይ እንበትን ነበር። ሁሉም ሰው ይበትናል፤ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋል። ባሕሩ እንዳይቆጣ የምናበላው ይመስለኝ ነበር። አያትህ ተኝቷል ሲሉኝም አንድ ቦታ፣ አንድ ደረቅ ቦታ፣ አልጋ ላይ የተኛ ይመስለኝ ነበር። አሁን አባቴ ባሕሩን አንኳኩቶ ድንጋዩ መለሰለት። እግሬን ከጀልባው ወለል ወደ ላይ ሰበሰብኩ። 

«ውሃ ውስጥ ነው? አያቴ ውሃ ውስጥ ነው የተኛው?»

«ስንቀብረው ደረቅ ነበር።»

«ይሰማናል?»

አባቴ ቀርከሃውን አስቀመጠ። ከጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ውሃው ውስጥ ነከረ። ከዚያም አውጥቶ፣ እኛ የሽማግሌ እጅ ይዘን ሰላም ስንል እንደምናደርገው፣ እርጥቡን እጅ ግንባሩ ላይ አሳረፈው።

*

ወደ መንደሩ የተመለስነው ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ነው። አባቴ ቤት አልገባም። ከጓሮ ዶማውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ኩሬው ሄደ። ተከተልኩት።

በሞሮሌጎ ትልቁን ወንጀል ማንም ሕፃን ያውቀዋል። የኩሬ ግድብ መስበር ነው። የሰው ግድብ ሰብሯል ተብሎ የተጠረጠረ አንድ ሰው ከነቤተሰቡ ከመንደሩ ተባሯል፤ ቤቱ እስካሁን «የሰባሪው ቤት» ይባላል። አባቴ ግድቡ ላይ ወጣ። ዶማውን አነሳና ሰነዘረ።

የገዛ ግድቡን።

ጮህኩ። ኢስቲ መጀመሪያ ደረሰች፤ ያየችውን ማመን አቅቷት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እናቴ እርጥብ ልብስ እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«የራጊል አባት! አብደሃል? ዓሳው! ቢያንስ ዓሳው ይውጣ! ከሁለት ሳምንት በኋላ አውጣውና ከዚያ ያሻህን አድርግ!»

«ሁለት ሳምንት ካደርኩ አላደርገውም» አለ ዶማውን ሳያቆም። «ነገ ካልኩም አላደርገውም።»

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ዋርሲዲ በሁለት ዓይነት ጫማ እየሮጠ መጣ፤ አንዱ የራሱ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ የሚስቱ። ሲለምን የከረመው ሰው ያን ሲያይ ክው ብሎ ቆመ።

«ካስማዲ! እንዲህ አድርግ አላልኩህም እኮ!»

«ምን ነበር ታዲያ ያልከኝ?»

ዋርሲዲ የአባቴን ፊት አየና ወደ ሰዉ ዞሮ ጮኸ፤ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? መረብ አምጡ! ድስት! ባልዲ! የሴትዮዋን ዓሳ አውጡላት!»

ሰዉ ኩሬው ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ልጆች በሸሚዛቸው፣ የሚንፈራገጠውን ዓሳ ወደ እናቴ ሣፋ ይወረውራሉ። እናቴ ሣፋዋን እንደ ታቀፈች ታለቅሳለች። እኔ ግን ዓሳውም አልታየኝም። ይህ ሁሉ የመጣው በእኔ ነው። ትናንት ጉበኑን ነካሁ፤ አባቴ ፊቱ ጠቆረ፤ ዛሬ አበደ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ድንገት ገባኝ። ወደ ግድቡ ተንጠላጥዬ ወጣሁና ጉልበቴን አጥፌ፣ አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ ቀብሬ፣ እንደ ሽማግሌ ጎበጥኩ።

«አባዬ ተው! አላደግኩም! እየኝ፣ አላደግኩም! እንዲህ ጎንበስ ብዬ እኖራለሁ!»

ዶማው አየር ላይ ቀረ። አባቴ እያለከለከ አየኝ። ጭቃ የሸፈነው ፊቱ ላይ ከዓይኖቹ ሥር ሁለት ንጹሕ መስመሮች ወርደዋል። ዶማውን ጥሎ መጣ፤ በሁለት እጁ ትከሻዬን ያዘና ቀስ አድርጎ አቃናኝ።

«ቀና በል» አለኝ። «በቃ። ቀና ብለህ ቁም።»

ከኋላው ባሕሩ በሰበረው በኩል ገባ።

*

ቃሉን አልሰማሁትም። ለብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነበር የምሄደው። እናቴ ሆዱን አሞታል ብላ እርድ የተቀቀለበት መራራ ውሃ ስታጠጣኝ ከረመች። ለምን እንደጎበጥኩ አልነገርኳትም።

የኢስቲ ሰርግ በዋርሲዲ ቤት፣ ባተረፍነው ዓሳ ተደግሶ አለቀ። እናቴ አባቴን ለማናገር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። የመጀመሪያውን የጭራሮ አጥር የምዕራቡ ንፋስ ጠራርጎ ወሰደው፤ ከመንደሩ ግማሹ «ካስማዲ ኩሬውን ለዓሳ መኖ አደረገው» ብሎ ሳቀበት። እንደገና ሠሩት። አንድ ማለዳ ውሃው ሲሸሽ ኩሬያችን የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፤ የጎሽ ጀርባ ይመስላል። ጭቃ ነበር። አባቴ ሊረግጠው አልደፈረም። ቆይቶ ደግሞ ማንም ያልተከላቸው ቡቃያዎች እንደ አረንጓዴ እርሳስ ተተክለው ተገኙ። ዋርሲዲ ለሦስት ቀን ያህል ሌላ ወሬ አላወራም።

በሁሉም ቦታ እንዲህ አልሆነም። ከእኛ በስተምዕራብ ያለው ሰፈር ዛሬ የመስጊዱ ጉልላት ብቻ ነው የሚታየው። ከተማውም ውሃ ከመሬት ሥር መሳቡን አላቆመም፤ መሬቱ ዛሬም ይሰጥማል። ይህን መለካት ሥራዬ ነው፤ አውቀዋለሁ። አባቴ ግን ዛፎቹ ቁመታቸው ጀልባ ሲያክል ጣራችንን አንስቶ በአዲስ ምሰሶ ላይ ከፍ አደረገው። ያንኑ የአያቴን ጉበን እንደገና ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አፈር አልመጣም።

ባለፈው ረመዳን ዋዜማ ወደ ቤት ስገባ የኢስቲ ልጅ ላራስ በሩ ሥር ቆማ ታለቅስ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው። አባቴ አርጅቷል፤ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መሐላውን ለእሷም ምሎላታል።

«ዘንድሮም አልደረስኩም!» አለችኝ ገና ስታየኝ። «አምናም እዚሁ፣ ዘንድሮም እዚሁ! እንቁላሉን ሁሉ በላሁ! አጎቴ፣ አንተ በሰባት ዓመትህ ደርሰህ የለ? እናቴ ነግራኛለች። እኔ ለምን አልደርስም?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። 

ተደግፎ ተነሳ። እንደዚያን ቀን መዳፉን በአናቷና በጉበኑ መካከል አስገባ። ገባ። እላዩ ላይ ሁለተኛውን መዳፉን ደረበ፤ እሱም ገባ። አሁንም ክፍት ነው። 

«አትቸኩዪ» አላት። «ገና ነሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ መለካት ሥራዬ እንደሆነ ያውቃል። «አይደለም እንዴ፣ ራጊል?»

ቦርሳዬን አስቀምጬ ተጠጋሁና መዳፌን ከእጆቹ በላይ፣ ከጥቁሩ እንጨት በታች ሰደድኩ።

ገባ።